ማሰሪያ ሐሳብ ስለሌለው መስቀለኛ እንቆቅልሽ

አርተር ዊን የመጀመሪያውን የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዲሴምበር 21 ቀን 1913 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ረዣዥሞቹን መልሶች በአንድ ሐሳብ የሚያስተሳስር ሲሆን ሁለተኛው ማሰሪያ ሐሳብ የሌለው ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ይህን ሁለተኛውን ለዓርብና ለቅዳሜ መድቦታል፤ የቅዳሜውም ከሁሉ የከበደ ነው። እኛም የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ማሰሪያ የሌለው ሥራ ለደራሲው የቀለለ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በባለ ሐሳቡ እንቆቅልሽ ሐሳቡ ያማረ እንደ ሆነ በየማእዘኑ የወደቁት ደካማ ቃላት ይቅርታ ያገኛሉ። ይኸኛው ግን የሚሸሸግበት ጥላ የለውም። በጋዜጣው ደንብ ገበታው ዐሥራ አምስት በዐሥራ አምስት ሆኖ የቃላቱ ቍጥር ከ72 እንዳይበልጥ ስለ ተወሰነ፣ ነጩ ሜዳ ሰፊ ቃላቱም ረዣዥም ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ፊደል በአግድምና በወደ ታች ሁለት ጊዜ ይፈተናል።

ታዲያ ፈቺውን የሚያስደስተው ምንድን ነው? ብዙዎች ክብደቱ ነው ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ክብደት ብቻውን ምስጋና አይገባውም። መዝገበ ቃላት ገልጦ ሰው የረሳውን ወንዝ ሰው ከረሳው ንጉሥ ጋር ያቋረጠ ሁሉ አንባቢውን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ይህ ግን ማሸነፍ እንጂ ማጫወት አይደለም። የእኛው የማዕርግ ስም «ራስ» እንኳ በላቲን ሲጻፍ ሦስት ፊደል በመሆኑ፣ «የኢትዮጵያ መስፍን» እየተባለ በአሜሪካ እንቆቅልሾች የጠባብ ጥግ መድፈኛ ሆኖ ኖሯል። መኳንንቶቻችን በዚህ መልክ ባሕር ተሻግረው መሾማቸው ፈገግ ያሰኛል፤ ለጨዋታው ግን አንዳች ጣዕም አልጨመሩለትም።

እውነተኛው ደስታ የሚገኘው የታወቀ ቃል ባልታሰበ መንገድ ሲጠየቅ ነው። በእንግሊዝኛ «ፍላወር» አበባ ነው፤ ነገር ግን «ፍሎው» መፍሰስ ስለ ሆነ ያው ጽሕፈት «የሚፈስ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። እንግዲህ «የለንደን ፍላወር?» የሚል ጥያቄ ለስድስት ባዶ ቤቶች ሲቀርብ ፈቺው በአትክልት ቦታ ሲዞር ይቈያል። ከወደ ታቹ ቃላት አንድ ሁለት ፊደል ካገኘ በኋላ ግን የቴምዝ ወንዝ ድንገት ይታየዋል። ሰሙ አበባ፣ ወርቁ ወንዝ መሆኑ ነው። በቅኔ ያደገ አንባቢ ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። የጥያቄ ምልክቱም ተንኰል መኖሩን አስቀድሞ ስለሚያስታውቅ ፈቺው ተታለለ እንጂ አልተበደለም። የደራሲው ማዕርግ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው ብንል አናጋንንም።

በልጅነታችን «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» ስንባባል መልሱ የጠፋው አገር ይሰጥ ነበር። በመስቀለኛው ግን አገር ከመስጠት በፊት ተሻጋሪው ቃል ይደርስለታል። ሰፊው ባዶ ገበታ መጀመሪያ ያስፈራል፤ አንዲት የተረጋገጠች ቃል ግን ሌላይቱን ትጠራለች፣ ተቈልፎ የቈየውም ማእዘን በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ስለዚህ ሁለት እንግዳ የተጸውዖ ስሞች በአንድ ፊደል ሲገናኙ ያ ቤት የመገመቻ እንጂ የማሰቢያ ቦታ አይሆንም፤ ይህንም ጥፋት የቱንም ያህል ያማረ ረዥም ቃል አይክሰውም።

እንዲህ ያለውን ገበታ በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚሻ ሰው የባሰ ፈተና አለበት። ፊደላችን ተነባቢውን ከነአናባቢው ይዞ በአንድ ቤት ስለሚገባ፣ ተሻጋሪዎቹ ሁለቱም የ«ለ» ዘር ስላላቸው ብቻ አይስማሙም፤ አንዱ ግዕዝ ሌላው ካዕብ ከሆነ ገበታው ይፈርሳል። በዚህም ላይ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ በ«ሐ» ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ ደራሲው የትኛውን ልማድ እንደ ተከተለ በገበታው ራስጌ ካላመለከተ፣ ቃሉን አሳምሮ የሚያውቀው ሰው እንኳ በአንዲት ቤት ላይ ተሰናክሎ ይቀራል።