ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ

በምርጫ ሰሞን ግድግዳው ሁሉ ይናገራል። ከአዲስ ዓለም ተነስታችሁ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጋችሁ እስከ ባኮ ብትወርዱ ቃሉ ያው ነው፤ ድምፅዎ ዋጋ አለው፣ ካርድዎን ይውሰዱ። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ አመል ሆኖብኝ የተለጠፈ ነገር ሁሉ እንደ ድርሰት ነው የማነበው። እስቲ ዛሬ ደግሞ ይህንኑ የምርጫ ሰሞን ጽሑፍ፣ ፖስተሩንም ማኒፌስቶውንም፣ እንሂሰው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል። አምቦ ላይ ቡና ይዘን የምርጫ ወሬ ሲነሳ፣ «ጋሼ፣ ድምፅ ዋጋ አለው ይሉናል። ዋጋውን የከፈልነው ግን እኛ ነን» አለኝ። መልስ አጣሁ። አስተማሪ መልስ ሲያጣ ደግሞ ደስ አይልም።

ልጁ ከመሬት ተነስቶ አይደለም እንዲህ ያለው። በግንቦት 1997 የአምቦና የአካባቢው ሕዝብ ተሰልፎ መረጠ፤ ዶክተር መረራ ጉዲና የሚመሩት የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስም ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ ወንበር ይዞ ፓርላማ ገባ። ከምርጫው በኋላ በተነሳው ውዝግብ ግን በአገሪቱ ደም ፈሰሰ። በ2002 ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። በሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች አምቦ ላይ ሞቱ። ዓመት ቆይቶ በግንቦት 2007 ምርጫ ተደረገ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ አንድም ወንበር ሳይቀር ጠቀለሉት። በወረቀቱ ብቻ ብትፈርዱ በአገሩ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። በኅዳር 2008 ግን ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ፈነዳ። ስድስት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ፤ በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ።

ለተማሪዬ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ኮሮጆው እውነቱን ያልተናገረ ለታ ቅሬታው አይጠፋም፤ መንገድ ላይ ይወጣል። ኮሮጆ ውስጥ አንድ ቅሬታ አንድ ወረቀት ነው የሚያስከፍለው፤ መንገድ ላይ ሲሆን የሰው ልጅ ያስከፍላል። ድምፅ ዋጋ አለው የሚለው ፖስተር ይህንን የዋጋ ልዩነት አይነግረንም። «ይምረጡ» ብሎ ያዛል እንጂ አያስረዳም። ትእዛዝ ደግሞ ምዕራብ ሸዋ ሰልችቶታል።

«ታዲያ ማንን እንምረጥ?» የሚል አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። በሰኔ 2013 ኦፌኮም ኦነግም ከውድድሩ ውጭ ነበሩ። አንድ ወጥ ብቻ ሠርቶ ያቀረበ ሆቴል እንግዳውን «ለምን አታማርጥም?» ብሎ ሊቆጣ አይችልም። ይህ ጥፋት የመራጩ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር እንወቅ፤ የኛ ሕግ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘውን ነው አሸናፊ የሚለው። ቤቱ የቀረውን ሰው ዝምታ «ይህ ተቃውሞ ነው» ብሎ የሚቆጥርለት የለም። የቀረው ሰው የሄደው እንዲወስንለት ፈቀደ ማለት ነው።

ወደ ማኒፌስቶው እንምጣ። የገዢው ሆነ የተቃዋሚው፣ ባነበብኳቸው ውስጥ አንድ ሕመም አያለሁ፤ ግሡ ሁሉ ተደራጊ ነው። መንገድ ይገነባል፣ ውኃ ይዳረሳል፣ የሥራ ዕድል ይፈጠራል። ማን ይገነባል? በስንት ብር? እስከ መቼ? ተማሪ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያመጣልኝ «ባለቤቱ የት ሄደ?» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ተጠያቂ የሌለው ተስፋ ነው።

ስለዚህ የመራጭ ዝግጅት ይህችን ቀይ እስክሪብቶ ከመያዝ ይጀምራል። የጀልዱ ድንች አምራች «ግብርና ይዘምናል» ሲሉት ማከማቻውን ማን፣ የት እንደሚሠራው ይጠይቅ። የባኮ በቆሎ አምራች ማዳበሪያው ከዘር ወቅት በፊት እንዴት እንደሚደርስለት ይጠይቅ። የጊንጪ ሰው መሬቱ ለልማት ቢፈለግ ካሳው በማን፣ በምን ስሌት እንደሚተመን ይጠይቅ። ጥያቄውን በደብተሩ ይጻፈው፤ መልሱንም ከነቀኑ።

የቀረው ዝግጅት ተራ ነገር ነው፤ የሚያስቀረን ግን እሱ ነው። ምዝገባው ከድምፅ መስጫው ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ ይዘጋል። 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ዜጋ ይመዘገባል። አጠቃላይ ምርጫ ሲሆን ወረቀቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። ብዙ ሰው የፌዴራሉን ብቻ አስቦ ይገባና ሁለተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ምልክት ያደርጋል። ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውንና መሬቱን የሚነካው ግን በአብዛኛው ክልሉ ነው።

ሌላም አለ። ምርጫው በዚያ ቀን አያልቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እና 54 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። የወከለውን ሰው ስም የማያውቅ ግን ማንን ያነሳል? ለመሆኑ እናንተስ የወረዳችሁን ተወካይ ስም ታውቃላችሁ? እኔ ይህን ጽሑፍ ስጀምር የራሴን ጎረቤት ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ሌላውን ለመተቸት ብዕር ያነሳ ሰው እንዲህ ሲሆን ያሳፍራል።

አበው «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይላሉ። ሰርገኛው በር ላይ ቆሞ ወጥ ሊሠራ አይችልም። እኛ አምስት ዓመት ሙሉ ተኝተን፣ ሰርገኛው ሲደርስ ነው በርበሬ የምንፈልገው። ፓርቲውም፣ ቦርዱም፣ መራጩም።

ተማሪዬን ዳግመኛ ሳገኘው ድምፅ ዋጋ አለው ብዬ አልሰብከውም። ዋጋውን ከኔ በላይ ያውቀዋል። «ደብተርህ የት አለ?» ነው የምለው።