ጎዝ ስንት ነው?

የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃው ሲመጣ ድሬ ላይ ዝናብ ላይኖር ይችላል፤ በደንገጎ በኩል ደጋው ላይ የጣለው ነው ቁልቁል የሚወርደው። ዳር ያለውን ሰው የሚያድነው ከላይ ቀድሞ ያየ ሰው ድምፅ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍል ባሰብኩ ቁጥር ይህ ወንዝ ይመጣብኛል። እዚያም አደጋውን ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ በማዕረግ ዝቅ ያለው ነው።

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች በድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ይማራሉ። እዚያም ሆነ ሌላ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ጥሩ ሲኒየር ቀዶ ሐኪም የሚታወቀው በያዘው ቢላዋ አይደለም። ቦታውን ለሠልጣኙ ለቆ ከጠረጴዛው ማዶ ይቆማል፤ ሥራ የፈታ ይመስላል። እጁን ግን እዩት። በመቆንጠጫ የያዘው ሽፋን በልኩ ተወጥሯል፤ ከውጥረቱ የተነሣ በሁለት ሽፋኖች መካከል እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነጭ መስመር ይገለጣል። ሠልጣኙ መቀሱን የሚያስገባው እዚያ ነው። ትክክለኛው መንገድ በርቶ ስለተከፈተለት መሳሳት ራሱ ይከብደዋል። ይህን ያህል የረቀቀ ማስተማር ሌላ የት እንዳለ አላውቅም።

ቋጠሮውም እንዲሁ ነው። ትርፍ አንጀት ሲወጣ ደም ሥሩ ይታሰራል፤ አንዱ ዙር ወደዚህ፣ ቀጣዩ በተቃራኒው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ቋጠሮው አምሮ ይንሸራተታል። ሠልጣኙ ክር ከወንበር መደገፊያ ጋር እያሰረ ደጋግሞ ተለማምዶታል፤ ወንበር ግን አይደማም። እዚህ ጠቋሚ ጣቱ እስከ ቋጠሮው ድረስ መውረድ አለበት፤ ደም ሥሩን ወደ ላይ ከሳበ ይበጠሳል። ሲኒየሩ ያያል፣ አይቀማም። ከላላ «ድገመው» ይላል። ከደማ ያለ ቁጣ ይረከባል፤ ደሙ ሲቆም መልሶ ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው ቆጠራውን ነው። ሁለት ነርሶች ጎዙን፣ ደም መምጠጫውን ጨርቅ፣ አንድ በአንድ እየነጠሉ፣ ድምፃቸውን አውጥተው ይቆጥራሉ፤ በደም የራሰ ጎዝ ተጣብቆ ሁለቱ አንድ ይመስላሉና። ከመቀደዱ በፊት፣ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት፣ በመጨረሻም ቆዳው ሲሰፋ። አስር የነበረው ዘጠኝ ከሆነ አንድ ሰው አፉን መክፈት አለበት።

ከባዱ ይሄ ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር ለታላቅ ሐኪም «ቆይ» ማለት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር ቢላዋው ከመንካቱ በፊት ሁሉም ስሙንና ሥራውን እንዲናገር የሚጠይቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ አንዴ የተናገረ አፍ ሁለተኛው ይቀለዋል። ዝርዝሩ በ8 ከተሞች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ሲሞከር ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ድሬ ደግሞ የራሷ ጸጋ አላት፦ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ልጅ አዋቂውን «አንተ» ሲለው እንግዳ ይደነግጣል። ያ አነጋገር ከቀዶ ክፍሉ በር ውጪ እንዳይቀር እመኛለሁ።

«አንድ ጎዝ ጎድሏል» ስትል ነርሷ፣ ጥሩ ሲኒየር «እርግጠኛ ነሽ?» አይልም። እጆች ይቆማሉ። ባልዲው፣ ወለሉ፣ የጨርቁ እጥፋት ይፈተሻል፤ ከዚያ መዳፍ ወደ ሆድ ተመልሶ በአንጀቱ መካከል ይፈልጋል። ካልተገኘ ራጅ ይነሣል፤ ጎዙ በውስጡ በራጅ የሚታይ ክር አለው። መርፌው ክሩን እንደያዘ ይጠብቃል።

ሲገኝ ሲኒየሩ የቆጠራውን ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል፤ ሠልጣኙ ነገ በሌሊት ብቻውን ሲቆም ጆሮው እንዲለምደው።

«ጎዝ ስንት ነው?»

«አስር።»

ከዚያ ሆድ ይዘጋል።