የአንድ ቡድን ዋጋ

የጠረጴዛ የሚና ጨዋታ የሚባለው ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዘው፣ ዳይስ እየጣሉና የጨዋታ መሪ እየመራቸው ታሪክ የሚያበጁበት ጨዋታ ሲሆን፣ የደንብ መጽሐፉ ማን ምን ማድረግ እንደሚችልና ውጤቱ እንዴት እንደሚወሰን ይደነግጋል። ይህ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ሲሸጥ፣ ዋጋ አውጪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ገዥው ማን ነው የሚለው ነው፤ አንድ ሰው ገዝቶት አምስትና ስድስት ሰው የሚጫወትበት ነገር በነፍስ ወከፍ ሊተመን አይችልምና።

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲታተም ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ገብተው በ10 ዶላር ይሸጡ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ውስጥ ወረቀቱ፣ ኅትመቱና የደራሲዎቹ ድካም ተቀላቅለው ስለነበር ደንቡ ለብቻው ስንት እንደሚያወጣ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው ገሃድ የወጣው ፒዲኤፍ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፓይዞ የተባለው አሳታሚ ፓዝፋይንደር የተባለውን የሚና ጨዋታውን ዋና መጽሐፍ በጠንካራ ሽፋን በ49.99 ዶላር፣ በፒዲኤፍ ግን በ9.99 ዶላር ሲያቀርብ፣ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በዚያው ዓመት ያለፈቃድ መቅዳትን ሰበብ አድርጎ የፒዲኤፍ ሽያጩን አቋረጠና እስከ እ.ኤ.አ. 2013 አልተመለሰበትም። ከሁለቱ የፓይዞው አካሄድ የተሻለ ማስተዋል ነበረው፤ ደንቡን በርካሽ ያገኘ ቡድን መጫወት ሲጀምር ተጨማሪ የጀብዱ መጻሕፍትን የመግዛት ዕድሉ ሰፊ ነውና።

ከዋጋው ላይ የሚቀነሰውም መታሰብ አለበት። ድራይቭስሩ አርፒጂ የተሰኘው የሽያጭ መድረክ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ከ30 እስከ 35 በመቶ ለራሱ ሲያስቀር፣ ኢች የተባለው ሌላ መድረክ በበኩሉ ድርሻውን ሻጩ ራሱ እንዲወስን ይተዋል። ለኢትዮጵያ ገዥ ግን ከዚህ የሚከብደው ምንዛሪው ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ ከመጽሐፉ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ የ10 ዶላር ደንብ ከ570 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ1000 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ለአገር ውስጥ የሚሸጥ ደንብ በብር ተተምኖ በቴሌብር ወይም በባንክ ሊከፈል ይገባዋል።

በሐረር ከተማ በአቦከር ወረዳ ለሚኖር ወጣት ዋጋ ማውጣት ገዥው ቡድኑ ነው የሚለውን ሐሳብ ይበልጥ ያጠራዋል። ሐረሪዎች በሰርግና በሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ የተባለ ማኅበር አላቸው፤ ጊዲር ጋር የሚሉት የባህላዊ ቤታቸው ዋና ክፍልም ነደባ በተባሉ ባለደረጃ መደቦች ብዙ ሰው አንድ ላይ እንዲቀመጥ ሆኖ የተሠራ ነው። አዋጥቶ አብሮ መጠቀም በሚታወቅበት አገር፣ ለምሳሌ በ300 ብር የተተመነ አንድ ቅጂ ለአምስት ሰው ሲካፈል የአንዱ ድርሻ 60 ብር ብቻ ስለሚሆን፣ ሻጩ ይህንን መዋጮ በግልጽ ፈቅዶ «የቡድን ፈቃድ» ብሎ ቢሸጥ ይሻለዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ያስከብራል፤ ሆኖም በቴሌግራም እንደልብ የሚዘዋወርን ፋይል በሕግ ብቻ መግታት አስቸጋሪ ነው። የገጸ ባሕርይ አፈጣጠሩንና መሠረታዊውን የዳይስ ሕግ የያዘው አጭር ክፍል በነፃ ቢለቀቅ፣ የጨዋታ መሪው የሚያስፈልገው ሙሉ መጽሐፍ ደግሞ ቢሸጥ፣ ተጫዋቾቹ ሳይሰርቁ ይማራሉ፤ ዊዛርድስም እ.ኤ.አ. በ2014 መሠረታዊ ደንቡን በነፃ ለቅቋል።

የቅናሽ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ይታያል። በሐረር አቅራቢያ ባለችው በአወዳይ ከተማ የጫት ነጋዴ ዋጋ የሚጥለው ቅጠሉ በሁለት ቀን ገደማ ስለሚጠወልግበት ነው፤ ፋይል አይጠወልግም፣ የሚያስረጀው አዲስ እትም ነው። ስለሆነም በየበዓሉ ዋጋ ማውረድ ገዥውን መጠበቅ ከማስተማር የዘለለ ፋይዳ አይኖረውም፤ አዲስ እትም ሲወጣ ግን ቀድሞ የገዛው ቡድን ልዩነቱን ብቻ ከፍሎ እንዲያገኘው ማድረግና ይህንንም በመጀመሪያው ሽያጭ ዕለት በጽሑፍ ማሳወቅ ተገቢ ነው።