ከብዙ ሕዝብ መካከል አንዲት ድምፅ

በዚህ ዕትም ስለ አንድ የፊልም ትዕይንት ላወያያችሁ እወዳለሁ። ትዕይንቱ የሚገኘው ሮበርት ዜሜኪስ ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1994 ለዕይታ በበቃው “ፎረስት ገምፕ” ውስጥ ነው። ፊልሙ በሙሉ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ስላልሆነ ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ እዩት አልላችሁም። ይህ ትዕይንት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል።

ቦታው ዋሽንግተን ነው። የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ሕዝብ በሊንከን መታሰቢያ ፊት ለፊት ባለው ረጅም የውሃ ገንዳ ግራና ቀኝ ተሰብስቧል፤ ዐይን እስከሚደርስበት ሁሉ ሰው ነው። ፎረስት መናገር ሲጀምር አንድ መኮንን የድምፅ ማጉያውን ገመድ ይነቃቅላል። ድምፁ ሲመለስ ንግግሩ አልቋል። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ከሕዝቡ መካከል ስሙን ትጠራለች። ጄኒ ናት። ውሃው ውስጥ ገብታ እየሮጠች ትመጣለች፤ እርሱም ይወርዳል፤ ገንዳው መካከል ይገናኛሉ።

ያ ሁሉ ሕዝብ ግን በቦታው አልነበረም። የተቀጠሩት አዳማቂ ተዋንያን 1,500 ያህል ነበሩ። በአንድ በኩል ቆመው ይቀረጻሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ክፍል ተዛውረው እንደገና ይቀረጻሉ። በመጨረሻ ምስሎቹ በኮምፒውተር ተገጣጥመው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሆኑ። ለየብቻ የተቀረጹ ምስሎችን እንዲህ አንድ አድርጎ የማዋሐድ ሥራ ኮምፖዚቲንግ ይባላል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ፀሐይ በዞረች ቁጥር ጥላው ስለሚለወጥ ምስሎቹ አልስማማ ይላሉ። በሁለቱ ክፍሎች ድንበር ላይ የሚራመድ ሰው ግማሽ አካሉ ሊቆረጥ ይችላል። ፊልሙ በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ያገኘው እንዲህ ባለው ጥንቃቄ ጭምር ነው።

ከዚህ ጋር ሪቻርድ አተንቦሮ በ1982 ያቀረበውን “ጋንዲ” አነጻጽሩ። የቀብሩ ትዕይንት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1981 ዴልሂ ላይ ሲቀረጽ ከ300,000 በላይ ሰው ወጥቷል። ያ ሁሉ በእግሩ የመጣ ሕዝብ ነው። ታዲያ የዜሜኪስ ሕዝብ ማታለያ ነው እንበል? እኔ እንዲያ አልልም። ተመልካቹ ልብ ወለድ እያየ መሆኑን ያውቃል። ሕዝቡም የበዛው አንዲት ድምፅ ትንሽ ሆና እንድትሰማ ነው። በጥቂት ሰው መካከል ቢገናኙ ኖሮ ምን ይደንቅ ነበር?

የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ያ ሕዝብ ለምን እንደመጣ ፊልሙ ብዙም አይጠይቅም። ፎረስት ስለ ጦርነቱ የተናገረውን ከእነርሱም ከእኛም ሰወረ። ለመስማት የመጣው ሕዝብ ለሁለት ሰዎች ፍቅር ማጨብጨቢያ ሆኖ ቀረ።

ይህን ስጽፍ የራሴን ስህተት አስባለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣቶች ኮንፈረንስ አዘጋጅተን የኋላው ወንበር ባዶ ቀረ። በሚዲያ የሚያገለግሉ ልጆች ፊት የተቀመጡትን በኮምፒውተር ገልብጠው ባዶውን ሞሉትና ለማስታወቂያ አዘጋጁት። ሲያሳዩኝ “ጎበዞች!” አልኳቸው። ፖስተሩ ከተለጠፈ በኋላ አንዲት እህት መጥታ፣ “ጋሼ፣ እኔ ሁለት ቦታ አለሁ። ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው ጓደኛዬ ግን የለችም” አለችኝ። ጓደኛዋ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ባዶውን ስንሞላ እርሷን ሸፍነናታል። ፖስተሩን አነሳነው፤ እርሷ ግን ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ዜሜኪስ ሕዝቡን ያበዛው ለተረት ነው። እኛ ያበዛነው ግን “እንዲህ ሆነ” ብለን ለመመስከር ነበር፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን ሕዝብ እያጋፋው ሲሄድ ልብሱን የነካችው ማን እንደሆነች ለማወቅ ቆመ። ደቀ መዛሙርቱ ያዩት ግፊያውን ነበር፤ እርሱ ግን አንዲትን ሴት ፈለገ።

በቡድናችሁ ስትሰበሰቡ በዚህ ተወያዩበት። በሚቀጥለው ጉባኤም ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ ኋላው ወንበር ሂዱና እዚያ የተቀመጠውን ሰው ስሙን ጠይቁት።