የካርቶን ጨረቃ፣ የቀልድ ጠለፋ

«ዘ ፋንታስቲክስ»ን መውደድ ቀላል ነው። እኔም ወድጄዋለሁ። ጽሑፉን አንብቤያለሁ፣ በ1960 የተቀረጸውን አልበም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንድ ቦታ ስደርስ ግን ሁሌም ደስታዬ ይቋረጣል። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ለማታውቁት። ይህ ሙዚቃዊ ቲያትር እ.ኤ.አ. በሜይ 1960 ኒው ዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ተጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 2002 ድረስ 17,162 ጊዜ ታይቷል። ወደ 42 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩን የሰማ ሰው ግዙፍ አዳራሽ ያስባል፤ ሰሊቫን ስትሪት ላይ የነበረችው ቤት ግን 150 ገደማ ወንበር ብቻ ነበራት። ዕድሜውን ካረዘሙት ነገሮች አንዱም ይኸው ትንሽነቱ ይመስለኛል፦ ጥቂት ተዋንያን፣ ፒያኖና ሀርፕ፣ አንድ ትልቅ ሳጥን፣ አንዲት የካርቶን ጨረቃ። በየቀኑ ሺህ ሰው ካልመጣ የሚከስር ዝግጅት አይደለም።

ጽሑፉንና የዘፈን ግጥሞቹን ቶም ጆንስ፣ ዜማውን ሃርቪ ሽሚት ሠሩት፤ መነሻቸው የፈረንሳዊው ኤድሞን ሮስታን ተውኔት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ማትና ሉዊሳ ጎረቤታሞች ናቸው። አባቶቻቸው ሊያጋቧቸው ይፈልጋሉ። እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ይላካል። እነዚህ ግን «ልጅ የሚወደው የተከለከለውን ነው» ብለው የተጣሉ ይመስላሉ፣ መሃል ላይም አጥር ያቆማሉ። አጥሩን የሚጫወተው አንድም ቃል የማይናገር ተዋናይ ነው። እንጨት ይዞ ይቆማል፣ በቃ፣ አጥር ሆነ!

የቲያትሩ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። አስመሳይነቱን አይደብቅም። ጨረቃዋ ካርቶን መሆኗን እናያለን፣ ግን እናምናታለን። በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ጨረቃዋ ስትገለበጥ በጀርባዋ ፀሐይ ትሆናለች። ማታ የተዋደዱት ልጆች ቀን ላይ ይተያያሉ፤ እንከን ያገኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይለያያሉ። በፍቅር የወደቀ ሰው ሁሉ ይህን ንጋት ያውቀዋል። ለማሳየት የፈጀው አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው።

አሁን ወደዚያ ቦታ እንምጣ። አባቶቹ «ጠባችንን» በምን እናብቃ ብለው ኤል ጋዮ የሚባል ሽፍታ ይቀጥራሉ። ሉዊሳን የሚጠልፍ መስሎ ይመጣል፣ ማት «ያድናታል»፣ ከዚያ እርቅ ይወርዳል። ኤል ጋዮ በዘፈን የጠለፋ ዓይነቶችን እየዘረዘረ ያማርጣቸዋል፤ ጥራቱ እንደየክፍያው ነው። በመጀመሪያው ቅጂ የሚደጋገመው ቃል ዛሬ በእንግሊዝኛ አስገድዶ መድፈር ማለት ነው። ደራሲዎቹ የተጠቀሙበት ግን በጥንቱ፣ በጠለፋ ትርጉሙ ነው። ቅሬታው ሲበዛ ራሳቸው ቃሉን ቀየሩ፣ በምትኩ የሚዘፈን ሌላ ዘፈንም ጻፉ። አዲሱ ቃል ምን ሆነ? ጠለፋ።

እነሱ ያመለጡበት ቃል እኛን የሚይዘን ቃል ነው። ይህን ቲያትር ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ያንን ዘፈን እንዴት አድርጎ ያስቃል? «ድፍረት» ፊልምን ያየ ሰው ይስቃል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ቅርብ ጊዜ ነው እኮ።

«ቀልድ ነው፣ የውሸት ጠለፋ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ የውሸት ነው። ግን ለማን? አባቶቹ ያውቃሉ። ኤል ጋዮ ያውቃል። እኛም ትኬት የቆረጥነው እናውቃለን። ሉዊሳ አታውቅም። 16 ዓመቷ ነው፤ ለእሷ ጠለፋው እውነት ነው። ዘፈኑ ውስጥ ዋጋ አለ፣ አማራጭ አለ፣ የእሷ ድንጋጤ ግን የለም። ስለዚህ ጥፋቱ በአንድ ቃል ብቻ አልነበረም፣ ቃሉ ሲቀየርም አልተነሳም።

የሚገርመው፣ ይህንን የምንፈርድበትን መሣሪያ የሰጠን ራሱ ቲያትሩ ነው። በሁለተኛው ክፍል ኤል ጋዮ ሉዊሳን ዓለምን ላሳይሽ ብሎ ጭምብል ይሰጣታል። ጭምብሉን ስታጠልቅ የሰው ስቃይ ጌጥ መስሎ ይታያታል፤ ማት ራሱ ሲሠቃይ እያየች በውበቱ ትደነቃለች። ስታወልቀው ትደነግጣለች። ይህ ትዕይንት ባይኖር ኖሮ ቲያትሩን «የድሮ ሰዎች ቀልድ» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን አልችልም። የሌላውን ሰው ሥቃይ አሳምሮ ማየት ምን እንደሆነ በሚገባ የሚያውቅ ሥራ ነው። ያወቀውን በራሱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ አልተጠቀመበትም እንጂ። በጠለፋው ዘፈን ጊዜ ጭምብሉን ያጠለቅነው እኛ ነን፤ አውልቁ የሚለን ግን የለም።

መፍትሔው ዘፈኑን መሰረዝ አይመስለኝም። ከተሰረዘ ያን ጭምብል ማጥለቃችንን ሳናውቅ እንወጣለን። እኔ ባዘጋጀው ሉዊሳን ከመጀመሪያው መድረክ ላይ አቆማት ነበር። አባቶቹ ዋጋ ሲደራደሩ ከአጥሩ ማዶ ሆና ትታየን፤ እሷ አትሰማም፣ እኛ ግን እያየናት እንሳቅ፣ ከቻልን። ለዚህ ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም፤ አንዲት ተዋናይት ቀድማ ትግባ፣ በቃ።

መጨረሻ ላይ ልጆቹ ተጎድተው፣ ትንሽ በስለው ይገናኛሉ። አባቶቹ ደስ ብሏቸው አጥሩን ሊያፈርሱ ሲነሱ ኤል ጋዮ ተዉት ይላቸዋል፤ አጥሩ ሁልጊዜም ይቁም። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር እስማማለሁ። እኔም ከዚህ ቲያትር ጋር የምኖረው እንደዚያ ነው፦ እወደዋለሁ፣ በመሃላችን ግን አንድ ዘፈን ቆሟል።