«አልገባኝም» ለማለት የተጠረቡ ቃላት

አማርኛ «አልገባኝም» ሲል ጥፋተኛ አይፈልግም። የሚገባውም የማይገባውም ነገሩ ነው፤ እኔ ቤቴ ተቀምጫለሁ፣ ነገሩ ደጅ ቀርቷል። በእንግሊዝኛው «አይ ዶንት አንደርስታንድ» ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «እኔ» ነኝ፤ አለመረዳቴ በስሜ ይመዘገባል። ሰው በየስብሰባውና በየቡናው ራሱን መክሰስ ስለማይወድ፣ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ሸክም የሚያቀሉ ትንንሽ አባባሎች ጠርበዋል። ቀረብ ብሎ ላያቸው የእጅ ሥራቸው ያስደንቃል።

«ዩ ሎስት ሚ» ሦስት አጫጭር ቃል ነው፤ «ጣልከኝ» እንደማለት። ውስጡ ግን ሙሉ ጉዞ አለ። ተናጋሪው መንገድ መሪ፣ አድማጩ ተከታይ ነው፤ መሪው ፈጠን ሲል ተከታዩ ቀረ። ባለቤቱ «አንተ» ቢሆንም ወቀሳው አያቆስልም፤ እስከዚያች እጥፋት ድረስ አብሬህ ነበርኩ የሚል ምስክርነት አብሮት አለ። ጫፉ ላይ «አት» ተጨምሮ የጠፉበት ቃል ሲጠራ ደግሞ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ በጣት ያሳያል። ተናጋሪው ተመልሶ ከሀ መጀመር የለበትም፤ እዚያው ይቋጥረዋል።

«ክሊር አዝ መድ» ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። «ክሊር» ሲባል ተናጋሪው ደስ ይለዋል፤ ነገሩ ጠርቶለታል ማለት ነው። «አዝ» ሲመጣ ውኃ ወይም ብርሃን ይጠብቃል። የሚመጣው ጭቃ ነው። ምስጋናው በመጨረሻዋ ቃል ይገለበጣል፤ ጭቃ ፊተኛ ቢሆን ኖሮ ቀልዱ አይኖርም ነበር።

ከሁሉም የታወቀው «ኢትስ ግሪክ ቱ ሚ» ነው፤ «ለእኔ ግሪክኛ ነው» እንደማለት። በ1599 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጻፈው የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ ከሤረኞቹ አንዱ የሆነው ካስካ ስለ ሮማዊው አንደበተ ርቱዕ ስለ ሲሴሮ ንግግር ሲጠየቅ ይህንኑ ይላል። የሥራው ስውር ስፌት እዚህ ላይ ነው፦ ሲሴሮ የተናገረው በእርግጥም በግሪክኛ ነበር። ዛሬ ዘይቤ የሆነው ቃል በካስካ አፍ እውነተኛ ወሬ ነው። ደግሞም ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደበት ፕሉታርክ እንደሚለው፣ ካስካ ቄሳርን በወጋ ጊዜ ወንድሙን ለእርዳታ የጠራው በግሪክኛ ነው። ይህን የሚያውቅ አንባቢ የካስካን «አልገባኝም» በጥርጣሬ ያየዋል፤ አለማወቅ አንዳንዴ መሸሸጊያ ልብስ ነውና።

እኛም ለዚህ አቻ አለን፤ «ቅኔ ሆነብኝ» እንላለን። ሁለቱም ከሊቃውንት ቋንቋ የተቆረጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ከስፌቱ በታች ነው። ግሪክኛ የሰው አገር ቋንቋ ነው፤ ቅኔ የራሳችን ነው፤ ከሰሙ ሥር ወርቅ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። «ሆነብኝ» ያለው ሰው በነገሩ ክብደት ያማርራል፣ በዚያው አፉ ግን ነገሩን ያከብራል። «ግሪክ ነው» ያለ ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ወሬውን ለባለቤቱ ይመልሳል። «ቅኔ ሆነብኝ» ያለው ግን ወርቁን እስኪነግሩት ከቦታው አይነሣም።