ማን ነው የሚያበላው?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻውን እንዳሳርፍለት የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ጊዜ ወሬውን ከሩቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ስለ ክትባት ይጠይቀኛል፤ ቀጥሎ ስለ ምግብ፤ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶክተር፣ የሚተርፍ ይመስልዎታል?» ይላል። ያን ጊዜ ነገሩ ይገባኛል። ዕድሜውን፣ ምግብ ከተወ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ራሱ ተነሥቶ መሽናት ይችል እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ ሰዎች የማይጠብቁትን አስከትላለሁ፦ «ማን ነው የሚያበላው?»

ጥያቄው ለሕክምናው ራሱ ይጠቅማል። ሌሊት ሌሊት ማቃሰት መጀመሩን፣ የኋላ እግሩ መጎተቱን፣ ውኃ ማብዛቱን ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ሳህኑን የሚያቀርብለት ሰው ነው። እኔ ግን ሰውየውን ለሌላም ጉዳይ እፈልገዋለሁ። የክትባት ደብተሩ ላይ ስሙ የሰፈረው ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ውሻው ሲሞት የሚጎዳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በከተማችን ግቢ ያለው ቤተሰብ ውሻውን ለጥበቃ ብሎ ያመጣና ለዘበኛው ያስረክበዋል። ከዚያ ወዲያ ከሥጋ ቤት አጥንት የሚለምንለት፣ ትራፊውን ከእንጀራ ጋር የሚፈተፍትለት፣ መዥገሩን የሚለቅምለት ዘበኛው ነው። ሐምሌ ላይ ሁለቱም በር ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ አብረው ያነጋሉ። እመቤቲቱ ብታለቅስ ጓደኞቿ ይደውሉላታል፤ ልጆቹም ያቅፏታል። ዘበኛውን ግን «እንዴት ሆንክ?» የሚለው የለም። ጉድጓዱን እንዲቆፍር ግን ይታዘዛል።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ስንማር ትኩረታችን በሬው፣ ላሟ፣ በጉና አህያው ነበር፤ ለአገራችን የሚገባውም እርሱ ነው። የገበሬ በሬ ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ «እግዜር ይተካ» ይላል፣ ጥማዱ እንዳይፈታ በሬ ያውሰዋል። ሐዘኑ ወግ አለው። ለውሻና ለድመት ግን እንዲህ ያለ ወግ አላበጀንም። ዕድሩ አይመለከተውም፣ ለቅሶ የሚደርስ የለም፣ መሥሪያ ቤት ገብተው ዓይናቸው ያበጠበትን ምክንያት የሚናገሩ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሐዘኑ ሄዶ ሄዶ ነጭ ገዋን የለበሰው ሰው ላይ ያርፋል። ወደድንም ጠላንም የሙያችን አንዱ ክፍል ሆኗል።

የውሻና የአሳዳሪው ነገር ሲነሣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሻ ሉሉ ትዝ ይለኛል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ንጉሡ በጻፈውና በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ አንድ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ሥራውን ሲናገር ይሰማል። ሥራው የሉሉን ሽንት ከመኳንንቱ ጫማ ላይ በሳቲን ጨርቅ መጥረግ ነበር። መጽሐፉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። የሚገርመኝ የውሻው ስም በዓለም ሁሉ ሲታወቅ ጨርቅ ይዞ ይከተለው የነበረው ሰው በመጽሐፉም ውስጥ ሙሉ ስም የሌለው መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ካራሎ አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ውሻው የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፤ ዳሌው አልቆ መቆም ካቃተው ሰንብቷል። እመቤቲቱ ዘበኛውን በር ላይ እንዲቆዩ አዝዛቸዋለች። «እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ አይዩት» አለችኝ፤ በክፋት አልነበረም። እኔ ግን አጠገቤ እንዲሆኑ ለመንኳት። በሚያውቀው ሰው እጅ ያለ ውሻ ልቡ ቀስ ይላል፤ ደም ሥሩም ቶሎ ይገኛል። ሽማግሌው መጡ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከራሱ ሥር አደረጉለት። የማደንዘዣው መርፌ ከጡንቻው ሲገባ አንዴ ብቻ ጆሮውን አንቀሳቀሰ። ከደቂቃዎች በኋላ ምላሱ ላላ፣ ትንፋሹ ረዘመ። የፊት እግሩን ጸጉር ላጭቼ ካኑላውን ሳስገባ ሽማግሌው ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው «በሩን እኔ አያለሁ፤ አንተ ተኛ» አሉት።

ሁለተኛውን መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የሚሆነውን ሁሉ እናገራለሁ። በዚህ ሥራ ከመርፌው ይልቅ የሚከብደው ይህ ንግግር ነው። ዓይኑ አይከደንም እላቸዋለሁ፤ ከሞተ በኋላም ተከፍቶ ይቆያል። ልቡ ቆሞ ሳለ አንድ ሁለቴ አየር ሊስብ ይችላል፤ ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ፣ ሽንቱም ሊያመልጠው ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ያቺን የመጨረሻ ትንፋሽ ሲያይ «ከነሕይወቱ ቀበርነው» እያለ ለዓመታት ሲብከነከን ይኖራል። ከዚያ ስቴቶስኮፑን ደረቱ ላይ አድርጌ ረዘም ላለ ጊዜ አዳምጣለሁ፤ ዓይኑንም በጣቴ ጫፍ ነክቼ ምላሽ አለመኖሩን አያለሁ። «ዐረፈ» የምለው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ስቴቶስኮፑን ተቀብሎ ራሱ ማዳመጥ ይፈልጋል፤ እሰጣለሁ።

መርፌውን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጎዳና ውሻ በስትሪክኒን ሲገደል ያየ ሰው ሁሉም አገዳደል እንደዚያ ይመስለዋል። ስትሪክኒን እንስሳው ሁሉም ነገር እየተሰማው አካሉን እየወጠረ፣ እያንፈራገጠ ነው የሚገድለው። እኛ የምንጠቀመው ፔንቶባርቢታል ደግሞ በመጀመሪያ ኅሊናውን ያጠፋዋል፤ ትንፋሹና ልቡ የሚቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን አንድ ጣጣ አለው፤ በሬሳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የየካና የእንጦጦ ጅቦች ሌሊት የት እንደሚዞሩ የሚያውቅ አዲስ አበቤ በማስጠነቅቀው ነገር አይስቅም። ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሜትር ይጠለቅ፣ ከውኃ ጉድጓድም ይራቅ። አለበለዚያ ሬሳውን ያወጣው ጅብም ሆነ ጥንብ አንሣ ይመረዛል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት ይህም ራሱ ችግር ነው፤ ግቢ ያለው ዘመድ ፍለጋ ስልክ ሲደውሉ አይቻለሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ከተጠረጠረ ግን ስንብት የሚባል ነገር የለም። ምርመራው የሚሠራው በአንጎል ላይ ስለሆነ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ሬሳውን ማቀፍም መሳምም ክልክል ነው። ቤተሰቡ ገና ሳያለቅስ ለራሱ ክትባት ይሰለፋል። እንዲህ ባለ ቀን የምናገረው ስለ ቁስል አስተጣጠብና ስለ ክትባቱ ብቻ ነው። ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂዱ እላለሁ። ማጽናናቱ ለሌላ ቀን ይቆያል።

«ኃጢአት አይሆንብኝም?» ይሉኛል። ቄስ አይደለሁም፤ ስለ ሕመሙ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ እንጂ ስለ ነፍስ አልፈርድም። አንዲት ሙስሊም ደንበኛዬ ድመቷ በኩላሊት ስትሞትባት፣ ከዋሻው ሰዎች ጋር የነበረው ውሻ በቁርኣን መጠቀሱን እያነሣች ራሷን ታጽናና ነበር። ከእኔ የተሻለ ታውቅበታለች ብዬ ዝም አልኩ።

ልጆች ላይ ግን ዝም አልልም። «ገጠር ላክነው» የሚለውን ወላጆች ከየት እንደለመዱት አላውቅም፤ ግን ሁሉም ቤት አለ። ልጁ ታዲያ «መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይጠብቃል፤ ገጠር የሄደ ዘመድ ሁሉ እንዳይቀርበትም ይሰጋል። «ሞተ፤ አይነሣም፤ አሁን አያመውም» ማለት ይበቃል። ሬሳውን ማየት ከፈለገ ይይ፣ ካልፈለገም አይገደድ።

ለማስታወሻ የሚሆነውን ሰው ራሱ ያገኘዋል። አንገት ማሰሪያውን የሚያስቀምጥ አለ። እኔ ጋ ተመልሶ የሚመጣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ የሕክምና ካርዱን ነው። ካርዱ ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለ፤ ክብደቱ። 4 ኪሎ ሆኖ የገባው ቡችላ 9፣ ከዚያ 21፣ ከዚያ 34 ይሆናል፤ መጨረሻ ገደማ ወደ 26 ይወርዳል። ስጽፈው ለመድኃኒት ልክ ብዬ ነበር። ካርዱን ሁለት ቅጂ አነሣለሁ፤ አንዱን ለባለቤቱ፣ ሌላውን ለሚያበላው። ፎቶም እንደዚሁ። የቤቱ ልጆች ስልክ በውሻው ፎቶ የተሞላ ሲሆን፣ ዘበኛው በአንዱም ላይ እንደሌለ ደጋግሜ ታዝቤአለሁ። ውሻው በሕይወት ሳለ ሁለቱን አብረው አንሥተው አንድ ቢያሳጥቡለት ብዙ ወጪ የለውም።

«ሌላ ቡችላ መቼ እናምጣ?» የሚለው ደግሞ ከቀብሩ ማግስት ይመጣል። ውሻው የሞተው በፓርቮ ቫይረስ ከሆነ መልሴ አጭር ነው፤ ገና ናችሁ። ቫይረሱ በግቢው አፈር ውስጥ ለወራት፣ ሲመቸው እስከ ዓመት ይቆያል። ሲሚንቶውን፣ ሳህኑንና ጎጆውን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በርዞ ማጠብ ይረዳል፤ አፈሩን ግን በረኪና አያጠራውም። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ ግቢ ማምጣት ያንኑ ሐዘን መድገም ነው። የተከታታይ ክትባቱ የመጨረሻው መርፌ 16 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው የሚሰጠው። የሞተው በእርጅና ከሆነ ከእኔ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ግን ቡችላውን ከመምረጣቸው በፊት ወደ በሩ ወጥተው ዘበኛውን እንዲጠይቁት እነግራቸዋለሁ። ባለፈው አንዷ ጠይቃ «እስከ ጥምቀት ይቆይልኝ» አለኝ ብላ ደወለችልኝ። ቀጠሮውን ከጥምቀት በኋላ አድርጌ ጻፍኩላት።